ሆቴል ውስጥ ትንሽ ሰርግ ለምታስቡ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አስሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ገብታችሁ ለ60 ሰው የሰርግ ዋጋ ስትጠይቁ፣ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ከዋጋው ጎን ብዙ ጊዜ ሁለት የመደመር ምልክት ታያላችሁ። «ፕላስ ፕላስ» የሚሉት ነው። ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል። በጀት የሚናጋው ግን እዚያች ላይ ነው፤ አንዱ ፕላስ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሌላው ቫት ነው።

ዘዴው፦ የተነገራችሁን ዋጋ በ1.265 አባዙት። ለምሳሌ በሰው 3,000 ብር ቢሏችሁ፣ ለ60 ሰው 180,000 ይመስላል። ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን 227,700 ብር ነው። ለአበባና ለፎቶ ያሰባችሁት ገንዘብ እዚህ ሊያልቅ ይችላል።

ጭማሪው 26.5 በመቶ ነው ማለት ነው። ለምን 10 እና 15 ተደምረው 25 በመቶ ብቻ አልሆነም? መጀመሪያ 10 በመቶው ሰርቪስ ይደመራል፤ 15 በመቶው ቫት የሚሰላው ከዚያ በኋላ፣ በድምሩ ላይ ነው። ስለዚህ የተለያዩ ሆቴሎችን ስታወዳድሩ ሁሉንም በመጨረሻው ዋጋ አወዳድሩ።

ውሉ ላይ የምታስሞሉትን የእንግዳ ቁጥርም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን ያስቸግራል። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ዘመዶች ካሉ ግን እነሱንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ በር ላይ ሰው መመለስ ያሳዝናል።

ዋጋው «ሁሉንም ያካተተ» ከተባለ አታባዙ። የሰርቪስ መጠኑ ከሆቴል ሆቴል ሊለያይ ስለሚችል እሱንም ጠይቃችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።