ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፦ የአሜሪካን እርሻ ምርት ውጭ አገር ያስተዋወቃችሁበትን ወጪ ግማሹን ማስመለስ

የእኔ ሁለተኛ ሥራ የሚጀምረው አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ የሚጠጣው ሰው ሲበዛ፣ አሜሪካ፣ አይዳሆ ስቴት ገና ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የአክስቴ ልጅ ቢሮዋ ገብታ በቴሌግራም ትደውላለች። እሷ እዚያ የጤፍ ዱቄት አሽጋ ትሸጣለች። አዎ፣ ጤፍ። አይዳሆ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘራል። እኔ ደግሞ ሒሳቧን እሠራላታለሁ። ዘንድሮ እንደ እኔ እዚህ ቁጭ ብሎ የውጭ ዘመዱን ደረሰኝ የሚለቅም ሰው ስለበዛ፣ እኛ ተቃጥለን የተማርነውን ልጻፍላችሁ።

ፕሮግራሙ ማርኬት አክሰስ ፕሮግራም ይባላል፤ ባጭሩ ማፕ። ገንዘቡ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፣ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ዓላማው የአሜሪካ እርሻ ምርት ውጭ አገር እንዲሸጥ ማስተዋወቅ ነው። ነጋዴው ግን በቀጥታ መንግሥት ጋ ሄዶ አይቀበልም። ገንዘቡ የሚሰጠው ለንግድ ማኅበራትና ለስቴቶች ቡድኖች ነው፤ ትንንሽ ድርጅቶች በእነሱ በኩል ያገኛሉ። አይዳሆ ያለ ሰው ዉሳታ ወደሚባለው ቡድን ይሄዳል። 13 የምዕራብ ስቴቶችን የያዘ ነው፣ ወጪ የሚጋራበትን ፕሮግራም ፈንድማች ይለዋል። ደቡብ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሰስታን፣ መካከለኛው ምዕራብ ወይም ሰሜን ምሥራቅ ያላችሁ ፉድ ኤክስፖርትን ፈልጉ።

ይህን ነገር ያወራሁለት የድሬ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «አቦ፣ ለሐረር ቡናስ አይሆንም?»

አይሆንም። የተጨመረ ውሃ ሳይቆጠር ከምርቱ ክብደት ቢያንስ 50 በመቶው አሜሪካ የበቀለ መሆን አለበት። የሐረር ቡና ሲያትል ተቆልቶ ሲያትል ቢታሸግም የበቀለው ሐረርጌ ነው። በርበሬም ያው ነው፤ ማን ፈጨው ሳይሆን ዛላው ከየት መጣ ነው ጥያቄው። የአክስቴ ልጅ ጤፍ ግን አፈሩም አይዳሆ፣ ውሃውም አይዳሆ ስለሆነ አለፈ። በዚያ ላይ ምርቱ የአሜሪካ መሆኑ ማሸጊያውም ላይ ማስታወቂያውም ላይ መጻፍ አለበት። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ገንዘቡ ተመላሽ እንጂ ስጦታ አይደለም። ሙሉውን ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ለብራንዳችሁ ካወጣችሁት ግማሹን ይመልሱላችኋል። ቡዙ፣ ማለትም ኤግዚቢሽን ላይ ዕቃችሁን የምታሳዩበት የኪራይ ቦታ፣ 8,000 ዶላር ቢሆን 4,000ው የእናንተ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 8,000ው መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ሊኖር ይገባል፤ «ሲመልሱልኝ እከፍላለሁ» ብሎ መበደር አያዋጣም።

ሁለተኛውና ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ታመለክታላችሁ፣ ይፈቀድላችኋል፣ ከዚያ ትከፍላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ በወረቀት ታስመሰክራላችሁ። ከመፈቀዱ በፊት የወጣ ገንዘብ አይመለስም። የአክስቴ ልጅ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ለሚካሄደው አኑጋ የምግብ ኤግዚቢሽን ልትሄድ ስትል ርካሽ ቲኬት አገኘችና ማመልከቻዋ ገና እየታየ ሳለ ቆረጠች። እሱ ብቻ ቢሆን ምን አለበት፣ ቲኬቱ ከቦይዚ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት አዲስ፣ ከአዲስ ድሬዳዋ ነበር። እናቷን ካየች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበርና አልፈረድኩባትም። ግን አንድ ቲኬት ላይ ሦስት ጥፋት ተደረበ፦ ሳይፈቀድ ተቆረጠ፣ የቤተሰብ ጉዞ ከሥራው ጋር ተቀላቀለ፣ ከዚህም በላይ በዚህ ገንዘብ የሚበር ሰው የአሜሪካ አየር መንገዶችን የሚያስቀድመውን ሕግ መጠበቅ ነበረበት። ለሕጉ የተፈቀዱ ልዩነቶች አሉት፤ ጠይቆ መቁረጥ ነው እንጂ ቆርጦ መጠየቅ አይሆንም። የግል ጉዞ ካላችሁም የሥራውን ደርሶ መልስ ለብቻው ቁረጡ። እና ኢኮኖሚ ክላስ። ቢዝነስ ክላስ የተቀመጠ በራሱ ኪስ ነው የተቀመጠው።

ኮሎኝ የሄዱትም ሦስት ሆነው ነው፣ እሷ፣ ባለቤቷና ወንድሟ። ለአንድ ብራንድ የኤግዚቢሽን ጉዞ የሚከፈለው ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ወንድሟ እስካሁን «እኔ እኮ ካርቶን ተሸክሜአለሁ» ይላል። ተሸክሟል፤ እኔም አይቻለሁ፣ ቪዲዮ ልኮልኛል። ደንቡ ግን ካርቶን አይቆጥርም።

ምን ይመለሳል ካላችሁ፦ የቡዝ ኪራይ፣ ማስታወቂያ ማሠራትና ማስነገር፣ ሱቅ ውስጥ ቅምሻ የምታቀርብ ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ሱቅ ውስጥ የሚቆም ፖስተርና ባነር፣ እንዲሁም የሚገባበት አገር ሕግ ካስገደደ ማሸጊያውን መጀመሪያ መለወጫ ወጪ። ይህ የመጨረሻው ሰው የሚረሳው ነው። ጀርመን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የዱቄት ከረጢት ይዛችሁ ብትሄዱ ዋጋ የለውም። የጀርመንኛውን ማሸጊያ ዲዛይን በማመልከቻው ላይ አስገቡት።

የማይመለሰው ደግሞ ዋጋ ቅናሽና ኩፖን ነው። ፍራንክፈርት ያለ አንድ የሐበሻ ባለ ሱቅ «ከረጢቱ ላይ ሁለት ዩሮ ቀንሺልኝና በመንግሥታችሁ ገንዘብ አወራርጂው» ብሏት ነበር። አይወራረድም። ዕቃችሁ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ሱቆች የሚጠይቁት ክፍያም አይመለስም። ማሽን መግዛት፣ አዲስ ምርት መፍጠር፣ እነዚህም የሉበትም። መለያው ቀላል ነው፦ ወጪው የውጭውን ገዢ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ነው ወይስ የእናንተን ንግድ የሚያስኬድ? ሁለተኛው ከሆነ እርሱት።

አሁን ወደ ወረቀቱ፣ ወደ እኔ ክልል። ለእያንዳንዱ ወጪ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ኢንቮይሱ፣ የተከፈለበት ማስረጃ፣ እና ሥራው መሠራቱን የሚያሳይ ነገር። ኢንቮይስ ብቻውን የሚያሳየው ዕዳ እንዳለባችሁ ነው፤ መክፈላችሁን የሚያሳየው የባንክ ወይም የካርድ ስቴትመንት ነው። የአክስቴ ልጅ ቅምሻ ላይ እንጀራ የቆረሰችላትን ተማሪ በጥሬ ገንዘብ 400 ዩሮ ከፈለቻት። ፊርማ የለም፣ ስም የለም፣ ምንም። «ልጅቷ እኮ ጎበዝ ነበረች» አለችኝ። ጎበዝነቷን ስካን ማድረግ አይቻልም! ሕትመት ቤቱ የሰጣት ደረሰኝ ደግሞ በጀርመንኛ ብቻ ነበር። እንደዚህ ዓይነቱን ከሥሩ እንግሊዝኛ ትርጉም ጽፋችሁ፣ የዕለቱን የምንዛሪ ተመን ስክሪን ሾት አብራችሁ አስቀምጡ። ያኔውኑ። ከሦስት ወር በኋላ «ይህች ወረቀት የምን ነበረች» ማለት ይመጣል።

ፎቶ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ከኮሎኝ 140 ፎቶ ላኩልኝ። በ130ው ላይ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሳቅ፣ መተቃቀፍ። ምርቱ የት አለ? በቀሩት 10 ፎቶዎች ላይ ባነሩ ይታያል፣ ግን ጀበናው ረከቦት ላይ ሆኖ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። የሸፈነው ቦታ ደግሞ ልክ «የአይዳሆ ምርት» የሚለውን ነው። የአሜሪካ መሆኑ ይጻፍ ያልኳችሁ ትዝ አላችሁ? ተጽፏል፣ አይታይም። በጀበናው ውስጥ ያለው ቡና ደግሞ የሐረር ነው፤ ልቤ ቢወደውም ማፕ አይወደውም። ስለዚህ ጠዋት በሩ ሳይከፈት፣ ሰው ሳይገባ፣ ቡዙን ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ አንሱ። ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እስኪነበብ ቀርባችሁ አንድ ጨምሩ። ከዚያ ቡናውን አፍሉ፣ ተቃቀፉ።

አንድ ብራንድ አንድ አገር ውስጥ ከ5 ዓመት በላይ እንደማይደገፍም ዕወቁ። ለዚህ ነው በአንድ አገር በጥቂት ፖስተር ብቻ መጀመርን የማልወደው። አቅማችሁ የሚደርሰው ለ300 ዶላር ሥራ ከሆነ ቆዩ፣ ሰብስቡ፣ ከዚያ ግቡ።

ፋይል አያያዝ ላይ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ኤክሴል ላይ በየወጪው አንድ መስመር፣ ፊቱ ላይ የተፈቀደበት ቀን፣ ከጎኑ የተከፈለበት ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከቀደመ መስመሩን ቀይ አደርገዋለሁ፣ አልልከውም። አንድ የማይሆን ወጪ ለማስገባት መሞከር የቀረውንም በጥርጣሬ እንዲያዩት ያደርጋል። ገንዘቡ ከገባ በኋላም ምንም አትጣሉ፤ ኦዲት አለ፣ ዓመታት ቆይቶም ይመጣል። እኔ ሁሉንም ስካን አድርጌ ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም ድሬ ውስጥ መብራትን ማመን አይቻልም።

ሰሞኑን ደውላ ስለ ዱባዩ የምግብ ኤግዚቢሽን፣ ስለ ገልፉድ ማውራት ጀመረች፣ ቲኬት ርካሽ ነው አለችኝ። ካርዷን ወዲያው እንድታርቅ ነገርኳት። «ማመልከቻውን ገና አሁን እየከፈትኩ ነው፣ አትጩህብኝ» አለች።