ጥንታዊ ስፍራን ከነዋሪው ገቢ ጋር አስተሳስሮ ለመጠበቅ

እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን ፔሩ፣ ሲፓን በተባለው ስፍራ፣ የሞቼን (ከኢንካ በፊት የነበረ የጥንት ሥልጣኔ) ዘመን መቃብር ከፍተው ወርቁን ያወጡት በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ቁፋሮ ለቆፋሪው የሚያስገኘው ጥቂት የአንድ ጊዜ ገንዘብ ሲሆን፣ ትልቁን ትርፍ የሚወስዱት ደላላውና የመጨረሻው ሻጭ ናቸው።

ስለዚህ አጥርና ዘበኛ ከማሰብዎ በፊት በዙሪያው ያሉትን ቤተሰቦች ከነጥቅማቸው ይመዝግቡ፦ ከብት የሚያሰማራው፣ ለቤት መሠረት ድንጋይ የሚያነሣው፣ ማሳውን የሚያርሰው፣ ሌሊት የሚቆፍረውስ ማን ነው? ሴቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በጠቅላላ ስብሰባ ላይ እምብዛም ስለማይናገሩ ለብቻቸው ማነጋገር ያስፈልጋል። ክልከላ ከመታወጁ አስቀድሞ ምትክ ገቢው መድረስ አለበት፤ ያውም ጥቅሙን ለሚያጣው ለዚያው ቤተሰብ። በዮርዳኖስ፣ ከዓለት በተፈለፈለችው ጥንታዊ ከተማ በፔትራ ዋሻዎች ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኡም ሰይሁን መንደር ቢዛወሩም፣ ብዙዎቹ በማስጎብኘት፣ እንስሳት በማከራየትና ማስታወሻ ዕቃ በመሸጥ አሁንም የሚተዳደሩት በዚያው በፔትራ ነው።

ሥራ ሲመረጥ መለኪያው አንድ ነው፦ ስፍራው ቢጎዳ ገቢው ይቀንሳል ወይ? የማይቀንስ ከሆነ ሥራው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ቅርሱን ግን አይጠብቅም። በኢኳዶር የጥንት ፍርስራሽ ያለበት የአጉዋ ብላንካ መንደር ነዋሪዎች ሙዚየማቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ፣ እንግዳውንም ራሳቸው ያስጎበኛሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው እንዲህ ያለው ባለቤትነት ነው።

የጥንቱን ሸክላ አስመስሎ መሥራትም ጥሩ ገቢ አለው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይሻል። የሠሪው ምልክትና ዓመተ ምሕረቱ ጭቃው ሳይደርቅ በዕቃው መቀመጫ ላይ ጠለቅ ተደርጎ መቀረጽ አለበት፤ ከተተኮሰ በኋላ በቀለም የተጻፈ ምልክት ተፍቆ ቅጂው እንደ እውነተኛ ቅርስ ሊሸጥ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት ጉዞ ሲቋረጥ በጎብኚ ብቻ የተመሠረተ ገቢ ምን ያህል እንደሚሰበር ታይቷል፤ ስለዚህ ምርቱ ከስፍራው ርቆም የሚሸጥበት መንገድ ቀድሞ ይፈለግለት።

ነዋሪዎቹ ሥራውን የሚያካሂዱበት ማኅበር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይኑረው፤ ከገቢው ለጥገናና ለጥበቃ የሚውለው ድርሻ በደንቡ ይወሰን፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበብ። ሒሳብ አያያዝ የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ከሌሉ መጀመሪያ እነርሱን ማሠልጠን ይቀድማል።

በየወሩ ከተመሳሳይ ነጥቦች ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አዳዲስ ጉድጓዶችም ተቆጥረው ከገቢው መዝገብ ጎን ይጻፉ። ገቢውም ጉድጓዱም አብረው የሚጨምሩ ከሆነ ገንዘቡ ወደ ቆፋሪዎቹ ቤት አልደረሰም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን የቤተሰብ መዝገብ ይክፈቱና ከማኅበሩ ውጭ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ይለዩ።