ዐረብኛን ከቤቱ ይዞ የመጣ ተማሪን ሰዋስው እንዴት እናግዝ?

ዐረብኛ ሳስተምር ሁለት ዓይነት ተማሪ ይገጥመኛል። አንዱ ከፊደል የሚጀምር ነው። ሌላው ግብፃውያን ወይም ፍልስጤማውያን ወላጆቹ አሜሪካ ያሳደጉት ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ዐረብኛ ሲሰማ አድጓል፣ ትምህርቱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የተማረው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ሁለተኛውን ይጎዳዋል። እሱ ብዙ ያውቃል። የጎደለው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ነው፣ እኛም እነዚያን ቦታዎች መፈለግ አለብን።

መጀመሪያ አስወሩት። የጽሑፍ ፈተና አትስጡት፤ ፈተና ሲያይ ፉስሓ፣ ማለትም የመጽሐፍና የዜና ዐረብኛ፣ የተጠየቀ ይመስለዋል፣ ፉስሓን ደግሞ ቤቱ ማንም አያወራውም። ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ስጡትና ታሪኩን ለእናቱ እንደሚያወራው ያውራላችሁ። ድምፁን ቅዱ። በመሃል አታርሙት፤ ከታረመ አጫጭር መልስ ብቻ መስጠት ይጀምራል፣ ሰዋስዉም ይደበቅባችኋል።

መለኪያችሁ የቤቱ ዘዬ ይሁን። በስም መጨረሻ የሚመጡትን የፉስሓ አናባቢዎች ቢተው አልተሳሳተም። ካይሮ ያሉት አያቱም ሲያወሩ ይተዋቸዋል። ይህን የማይለዩ አስተማሪዎች ልጁ የያዘውን ቋንቋ እንዲያፍርበት ያደርጉታል፤ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ቅጂውን ስሙ። ግሱ ላይ ብዙ አትቆዩ። «ከተብ» እና «ከተበት»ን፣ ማለትም ጻፈንና ጻፈችን፣ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይለያል። ቅጽሉ ላይ ግን ጆሯችሁን ጣሉ። ትልቅ ሻንጣ በግብፅ ዐረብኛ «ሸንጣ ኪቢራ» ነው፣ ቅጽሉ ከስሙ ጋር አንስታይ ይሆናል። ልጁ «ሸንጣ ኪቢር» ካለ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።

ትልቁ ሥራ ብዙ ቁጥር ላይ ነው። ዐረብኛ ብዙ ጊዜ ቃሉን ከውስጡ ይለውጠዋል። እኛም ከግእዝ የወረስነው «ደብር፣ አድባር» አለን። ውጭ ያደገ ልጅ ግን ቅርጹን ሲያጣው ቀላሉን ቅጥያ «ኣት»ን ይለጥፋል፤ «ባብ» ያለውን በር ሲያበዛ «ባባት» ይላል። ሕጉን ብታስረዱት ብዙም አይጠቅመውም። ቃላቱን በቤተሰብ በቤተሰብ አሰሙት፦ ባብ፣ አብዋብ፤ ወለድ (ልጅ)፣ አውላድ፤ ሎን (ቀለም)፣ አልዋን። ይህ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ሌላውን ቤተሰብ አምጡ፦ ቤት፣ ቡዩት፤ ደርስ (ትምህርት)፣ ዱሩስ። ሁለቱን ቤተሰብ በአንድ ቀን አትቀላቅሉ። ወለድንና ቤትን ከልጅነቱ ስለሚያውቃቸው ከእነሱ ጀምሩ።

የጥንድ ቁጥርም እዚሁ ይመጣል። ሁለት ቤት «ቤቴን» ነው፤ ልጁ ግን «ኢትኔን» (ሁለት) የሚለውን ቃል ከብዙ ቁጥሩ ጋር አድርጎ «ኢትኔን ቡዩት» ሊል ይችላል። ጥንድ ጥንድ ነገር ያለበት ሥዕል እያሳያችሁ ጠይቁት፣ ይበቃል።

አሉታውን ለአማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ መረዳት ቀላል ነው። ግብፃዊው «ማከተብሽ» ሲል «ማ» እና «ሽ» ግሱን ከፊትና ከኋላ ይይዙታል፤ ልክ እንደኛ «አልጻፈም»። ልጁ በዚህ ፋንታ «ሙሽ ከተብ» ካለ፣ ለስምና ለቅጽል የሚሆነውን ማፍረሻ ላለፈ ጊዜ ግስ ተጠቅሞበታል። «ስሕተት ነው» አትበሉት። በጥያቄ መልሱለት፦ «ማከተብሽ? ለምን?» ትክክለኛውን ቅርጽ ሰምቶ ወሬውን ይቀጥላል። ለሌሎቹም ክፍተቶች ይህንኑ መንገድ ነው የምመርጠው።

«የእማማ ሻንጣ» ለማለት «ሸንጠት ማማ» ይባላል። በመሃል የምትመጣውን «ት» ይጥል እንደሆነ ስሙ። «የ» የሚል ትርጉም ባለው «ቢታዐት» «ኢል-ሸንጣ ቢታዐት ማማ» ቢል ትክክል ነው፣ ግብፆች ራሳቸው ይሉታል። ሁልጊዜ እሱን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ግን የመጀመሪያው መንገድ ላይ አልተማመነም ማለት ነው፤ በአጫጭር የቤተሰብ ወሬ አለማምዱት። በየግሱ ፊት «አነ፣ አነ» (እኔ፣ እኔ) ማለቱ ከእንግሊዝኛ የመጣ ልማድ ሊሆን ይችላል። እሱን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ንግግሩ ሲፈታ አብሮ ይቀንሳል።

በአንድ ጊዜ አንድ ክፍተት ብቻ ያዙ። ወላጆቹንም አግኙና የሳምንቱን ቃላት ንገሯቸው፤ ራት ላይ እንዲያነሷቸው፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስም እነሱ በዐረብኛ እንዲቀጥሉ ጠይቋቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ የሥዕል መጽሐፍ ስጡትና እንደገና ቅዱት። ሁለቱን ቅጂዎች ከልጁ ጋር አብራችሁ አዳምጡ፣ የተለወጠውን መጀመሪያ እሱ ይናገር።