ከርነል ሲጻፍ ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ ትዕዛዞች፦ አትሪቢዩትና ማክሮ በተግባር

አዳማ ላይ አራት ተማሪዎች ተሰባስበው ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ አራት ዓይነት ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ይዘው ነው የሚቀመጡት። ኡቡንቱ 20.04 የጫነችው ጂሲሲ 9 ይደርሳታል፤ 22.04 ያለው ጂሲሲ 11፣ 24.04 ያለው ጂሲሲ 13 ያገኛል። ማክ የያዘው ደግሞ ተርሚናሉ ላይ ጂሲሲ ብሎ ቢጽፍም የሚነሳለት ክላንግ ነው። ኮዱ ያው አንድ ነው፤ አንዷ ጋ ይነሳል፣ ሌላው ጋ ኪውኢሙ (ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም) እየጠፋ እየበራ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመረመሩት በሲ ስታንዳርድ ውስጥ የሌሉት፣ እያንዳንዱ ኮምፓይለር በራሱ መንገድ የሚረዳቸው አትሪቢዩቶችና ማክሮዎች ናቸው፤ አትሪቢዩት ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ልዩ መመሪያ፣ ማክሮ ደግሞ ኮምፓይለሩ በሌላ ጽሑፍ የሚተካው አጭር ስም ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ይያዝ፦ ኮምፓይለሩ የማያውቀውን አትሪቢዩት ሲያገኝ ዋርኒንግ ሰጥቶ ያልፈዋል እንጂ አይቆምም። ስለዚህ አትሪቢዩቱን መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሥራቱን ከተገነባው ፋይል ላይ ማየት ነው። ለዚህም ሜክፋይሉ (የግንባታ ትዕዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) ውስጥ የአትሪቢዩት ዋርኒንጎችን ወደ ኤረር የሚቀይረውን ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምርጫ) አስገቡ። ጂሲሲም ክላንግም «አትሪቢዩትስ» በሚለው በአንድ ስም ይቀበሉታል።

ሁሉንም በአንድ ሄደር ውስጥ

ኮምፓይለር ነክ የሆነ ነገር በሙሉ አንድ ሄደር ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ኮድ አጭሩን ማክሮ ብቻ ይጥራ። ሊኑክስም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፦ አትሪቢዩቶቹን አንድ ሄደር ውስጥ ሰብስቦ፣ የጂሲሲንና የክላንግን ልዩ ነገር ለየብቻ አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ክላንግ ራሱን እንደ ጂሲሲ አድርጎ ያቀርባል፤ ያውም ጂሲሲ 4.2 ነኝ ነው የሚለው። ስለዚህ «ጂሲሲ ከሆነ» የሚለውን ጥያቄ ያስቀደመ ሄደር ክላንግንም ጂሲሲ ብሎ ይወስደዋል፤ የቁጥር ንጽጽር ካለበት ደግሞ በጣም ያረጀ ጂሲሲ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁልጊዜ ክላንግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተሻለው ግን ቁጥሩን ትቶ «ይህን አትሪቢዩት ታውቃለህ?» ብሎ ራሱን ኮምፓይለሩን መጠየቅ ነው። «ሃዝ አትሪቢዩት» የሚባለው ማክሮ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ክላንግም፣ ጂሲሲም ከ5 ጀምሮ አላቸው። ማክሮው መኖሩን በአንድ የኢፍ መስመር፣ መልሱን ከሥሩ በሌላ የኢፍ መስመር ጠይቁ። ሁለቱን በአንድ መስመር በ«እና» ካገናኛችኋቸው ማክሮውን የማያውቅ ኮምፓይለር ሙሉውን መስመር ለማንበብ ሞክሮ እዚያው ይሰበራል።

የአትሪቢዩቱን ስም ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት አንደርስኮር አድርጋችሁ ጻፉት። ሌላ ሰው «ፓክድ» የሚል ማክሮ ቢያወጣ የእናንተን አይነካውም።

ፓክድ፦ ስድስት ባይት የሚበላሽበት ቦታ

ጂዲቲን (ሲፒዩው የሚሞሪ ሴግመንቶችን የሚያውቅበትን ሰንጠረዥ) የሚጭነው የኤልጂዲቲ ትዕዛዝ በ64 ቢት ሞድ ከሚሞሪ በትክክል 10 ባይት ያነባል፦ መጀመሪያ 2 ባይት የሰንጠረዡ ልክ፣ ቀጥሎ 8 ባይት አድራሻ። ይህንን በስትራክት (ብዙ ዋጋዎችን አንድ ላይ በሚይዝ ቅርጽ) ስትጽፉት ኮምፓይለሩ ባለ 8 ባይቱን አድራሻ በ8 በሚካፈል ቦታ ላይ ማስቀመጥ ስለሚፈልግ በመሃል 6 ባይት ባዶ ይከታል። ስትራክቱ 16 ባይት ይሆናል። ሲፒዩው ግን የመካከሉን ባዶ ቦታ አያውቅም። ከሦስተኛው ባይት ጀምሮ ስምንት ይቆጥራል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ስድስቱን ባዶ ባይትና የእውነተኛውን አድራሻ የመጀመሪያ ሁለት ባይት ብቻ ነው። ይህን ቆሻሻ አድራሻ ብሎ ሲይዝ፣ ወይ እዚያው ወይ ቀጥሎ ሴግመንት ሬጅስተር ሲጫን ጄኔራል ፕሮቴክሽን የሚባለው የሲፒዩ ስህተት ይነሳል፤ የሚያስተናግደው ስለሌለ ደብል ፎልት፣ ከዚያ ትሪፕል ፎልት፣ ከዚያ ሪሴት። ኪውኢሙ እየጠፋ እየበራ የሚዞረው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ስትራክቱ ላይ ፓክድን («በመሃል ባዶ ባይት አትክተት» የሚለውን አትሪቢዩት) ማድረግና ከሥሩ ወዲያው በስታቲክ አሰርት (በግንባታ ጊዜ በሚደረግ ማረጋገጫ) «መጠኑ 10 ካልሆነ አትገንባ» ማለት ነው። ለ64 ቢት ቲኤስኤስም (ሲፒዩው የከርነሉን የስታክ አድራሻ ለሚያነብበት ስትራክት) እንዲሁ፦ መጠኑ 104 ባይት መሆን አለበት። ከፊቱ ያለው 4 ባይት ቀጥሎ የሚመጣውን ባለ 8 ባይት የስታክ አድራሻ ስለሚያዛንፈው ያለ ፓክድ በፍጹም አይስተካከልም። የቲኤስኤሱ ክፋት ቶሎ አለመታየቱ ነው፤ ስህተቱ የሚወጣው ከዩዘር ሞድ (ተራ ፕሮግራሞች ከሚሠሩበት ሁኔታ) የመጀመሪያው ኢንተራፕት (ሲፒዩውን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) ሲመጣ፣ ከርነሉ ስታኩን በተሳሳተ አድራሻ ሲከፍት ነው። ክፍተቶቹን በዓይን ለማየት በዲበግ መረጃ ገንብታችሁ «ፓሆል» በሚባለው መሣሪያ ፋይሉን ክፈቱ፤ እያንዳንዱ ክፍተት የት እንዳለና ስንት ባይት እንደሆነ ይነግራችኋል።

ፓክድ ግን በየስትራክቱ የሚረጭ ነገር አይደለም። ሃርድዌሩ ወይም የፋይሉ ፎርማት ቅርጹን ካልደነገገው አታድርጉት። አንደኛ፣ በፓክድ ስትራክት ውስጥ ያለ አባልን አድራሻ በተራ ፖይንተር መያዝ አደገኛ ነው፤ ጂሲሲ ከ9 ጀምሮ ያስጠነቅቃል፤ ዋጋውን ወደ ሎካል ቫሪያብል ገልብጣችሁ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የዲቫይስ ሬጅስተሮችን በሚወክል ስትራክት ላይ ከሆነ፣ ያልተሰለፈ ንባብ በማይፈቅድ ማሽን ላይ ኮምፓይለሩ አንዱን የ4 ባይት ንባብ ወደ አራት የአንድ ባይት ንባብ ሊቆርጠው ይችላል። ብዙ ዲቫይስ ይህን አይቀበልም።

አላይንድና ሴክሽን

የፔጅ ቴብል (የሚሞሪ አድራሻዎችን የሚተረጉም ሰንጠረዥ) በአላይንድ አትሪቢዩት በ4096 የሚካፈል አድራሻ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የመዝገቡ የታችኛው 12 ቢት ለፍላግ የተያዘ ነውና ያልተሰለፈ አድራሻ ከፍላጎቹ ጋር ይቀላቀላል። ለማረጋገጥ በ«ኤንኤም» የሲምቦሉን አድራሻ እዩ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት የሄክስ አሃዞች ዜሮ መሆን አለባቸው። የኤፍኤክስሴቭ (የፍሎቲንግ ፖይንትና የኤስኤስኢ ሬጅስተሮችን የሚያስቀምጥ የሲፒዩ ትዕዛዝ) ማስቀመጫ 512 ባይት ሆኖ በ16 ይሰለፋል፤ ካልተሰለፈ ጄኔራል ፕሮቴክሽን ነው። ስታክ ላይ የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ በአሴምብሊ የተጻፈው መግቢያችሁ ሲ ፈንክሽን ከመጥራቱ በፊት ስታኩን በ16 አሰልፎ መሆኑን እዩ፤ ኮምፓይለሩ እንደተሰለፈ አምኖ ነው የሚሠራው።

የመልቲቡት 2 ሄደር (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግራብ ከርነሉን የሚለይበት ምልክት) በከርነሉ ፋይል የመጀመሪያ 32768 ባይት ውስጥ፣ በ8 ተሰልፎ መገኘት አለበት። ይህን በሲ ስትጽፉ ሦስት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል፦ የራሱ ሴክሽን (በፋይሉ ውስጥ የተለየ ክፍል)፣ ኮምፓይለሩ «ማንም አይጠቀምበትም» ብሎ እንዳይጥለው ዩዝድ፣ በሊንከሩ (የተገነቡትን ፋይሎች አንድ በሚያደርገው ፕሮግራም) ስክሪፕት ውስጥ ደግሞ «አትጣል» የሚለው ኪፕ። ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። ዩዝድ የሚያዘው ኮምፓይለሩን ነው፤ ያልተጠሩ ሴክሽኖችን እንዲጠርግ የታዘዘ ሊንከር ግን ሄደሩን ጠርጎት ይሄዳል፤ ግራብም ሄደር አላገኘሁም ይላል። «ግራብ ፋይል» የሚባለው ትዕዛዝ ማሽን ሳይነሳ ይመረምርላችኋል፤ የመውጫ ኮዱ ዜሮ ከሆነ ደህና ነው።

ኢንተራፕትና ሬድ ዞን

ፈንክሽንን የኢንተራፕት ማስተናገጃ የሚያደርገው ኢንተራፕት የሚባለው አትሪቢዩት ኤክስ86 ላይ በጂሲሲ ከ7 ጀምሮ አለ። ፋይሉ ጄኔራል ሬጅስተሮችን ብቻ እንዲጠቀም በሚያዘው ፍላግ መገንባት አለበት። የኤረር ኮድ ለሚገፉት የኤክሴፕሽን (ሲፒዩው ራሱ የሚያነሳው ስህተት) ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 8፣ ከ10 እስከ 14ና 17፣ ፈንክሽኑ ሁለተኛ ፓራሜትር ካልኖረው የኤረር ኮዱ ስታኩ ላይ ይቀራል፤ መመለሻው በ8 ባይት ይስታል። ኮምፓይለሩ የፈንክሽኑን መግቢያና መውጫ ኮድ እንዳይጨምር የሚያዘው ኔክድ የሚባለውም አለ፤ ጂሲሲ ኤክስ86 ላይ ከ8 ጀምሮ ይቀበለዋል፤ ውስጡ ግን ተራ አሴምብሊ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የእኛ ምክር ሁለቱንም ትታችሁ መግቢያውን በአሴምብሊ ፋይል ጽፋችሁ ወደ ተራ ሲ ፈንክሽን እንድትዘሉ ነው። መስመሩ ጥቂት ነው፣ በሁሉም ኮምፓይለር አንድ ዓይነት ነው።

ሬድ ዞንን ማጥፋት ግን የግድ ነው። በሊኑክስና በመሰሎቹ የ64 ቢት ስምምነት ሌላ ፈንክሽን የማይጠራ ፈንክሽን ከስታክ ፖይንተሩ በታች ያለውን 128 ባይት ፖይንተሩን ሳያንቀሳቅስ መጠቀም ይፈቀድለታል። ከርነል ውስጥ ኢንተራፕት ሲመጣ ሲፒዩው የሚገፋው በዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ሎካል ቫሪያብላችሁን ይጽፍበታል። ምልክቱ ያሳብዳል፦ አንድ ቆጣሪ አልፎ አልፎ ያለምክንያት ይቀየራል። ለማየት ፕሪንት ስታስገቡ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ፕሪንት የሚጠራ ፈንክሽን ሬድ ዞን አይጠቀምም። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ሎጂኩን ከመመርመር በፊት ሬድ ዞን የሚያጠፋው ፍላግ በሁሉም ፋይሎች ላይ መኖሩን እዩ፤ አብሮ የሚገናኘው ሊብጂሲሲም (የጂሲሲ ረዳት ላይብረሪ) ያለ ሬድ ዞን የተገነባ ይሁን።

ራሱን የሚጠራው ሜምሴት

ያለ ስታንዳርድ ላይብረሪ ቢገነባም ጂሲሲ ሜምኮፒ፣ ሜምሙቭ፣ ሜምሴትና ሜምኮምፕ እንዲኖሩ ይጠብቃል። ሜምሴትን (ሚሞሪን በአንድ ዋጋ የሚሞላውን) በተራ ሎፕ ትጽፋላችሁ። ኦፕቲማይዜሽን ሲከፈት ጂሲሲ ሎፑን አይቶ «ይህ ሜምሴት ነው» ይልና በሜምሴት ጥሪ ሊተካው ይችላል። ያኔ ፈንክሽኑ ራሱን እየጠራ ስታኩን ይጨርሳል ወይም ያለማቋረጥ ይዞራል። ያለ ኦፕቲማይዜሽን ስለሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። በ«ኦብጅደምፕ» ሜምሴትን ገልጣችሁ እዩ፤ በውስጡ ወደ ሜምሴት የሚሄድ ኮል ወይም ጃምፕ ካለ ይኸው ነው። ያንን ፋይል ብቻ «ሎፕ ዲስትሪቢዩት ፓተርንስ» የሚባለውን አጥፍታችሁ ገንቡ። ይህን በኦፕቲማይዝ አትሪቢዩት ፈንክሽኑ ላይ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ክላንግ ግን አትሪቢዩቱን አያውቀውም።

የኡቡንቱን ኮምፓይለር በቀጥታ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የስታክ መከላከያውን አጥፉ። ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሊንከሩ የስታክ ቼክ ፈንክሽን አላገኘሁም የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። ባዶ ፈንክሽን ጽፎ ማለፍ አይበቃም፤ ኮዱ መፈተሻ ቁጥሩን ከኤፍኤስ ሬጅስተር 40 ባይት ርቆ ያነባል፣ ከርነላችሁ ውስጥ ደግሞ እዚያ ምንም የለም። ፓይንም (በየትኛውም አድራሻ ላይ የሚሠራ ፋይል የመገንባት ምርጫን) አብራችሁ አጥፉ። ሁነኛው መንገድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሌለው ባዶ ማሽን የሚገነባ ክሮስ ኮምፓይለር ነው፤ የጂሲሲን ምንጭ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለቡድኑ ቢያዞረው ሁሉም አንድ ዓይነት ይዞ ይሠራል። ግንባታው ረጅም ስለሆነ በአዳማ የቀትር ሙቀት ላፕቶፑን በሙሉ ኮር አታስጨንቁት፤ ማታ ላይ በግማሹ ኮር ልቀቁት። መብራት በመሃል ከሄደ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ነገር ግን ሲጻፍ የተቋረጠ የኦብጀክት ፋይል አዲስ መስሎ ስለሚቀር ሊንከሩ ፎርማቱን አላወቅሁትም ይላል። ባዶ የሆኑትንና ከመጥፋቱ በፊት በመጨረሻ የተጻፉትን ሰርዛችሁ ቀጥሉ።

የቀሩት ባጭሩ

ኢንተራፕት የሚቀይረውን ፍላግ በሎፕ ስትጠብቁ ኮምፓይለሩ አንዴ አንብቦ ለዘላለም ሊዞር ይችላል። ንባቡን በቮላታይል («ሁልጊዜ ከሚሞሪ አንብብ» በሚለው) በኩል የሚያሳልፍ ማክሮ በታይፕኦፍ ሥሩ። ባዶ አሴምብሊ ላይ ሚሞሪን በክሎበር («ይቀየራሉ» በሚባሉት ዝርዝር) የሚያስመዘግበው ባሪየር የኮምፓይለሩን ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሲፒዩውን አይዝም፣ ለእሱ የራሱ የፌንስ ትዕዛዝ አለ።

የፓኒክ ፈንክሽን (ከርነሉ መቀጠል ሲያቅተው የሚጠራው) ላይ ኖሪተርን («አይመለስም» የሚለውን) አድርጉና መጨረሻው ላይ ኢንተራፕት ዘግቶ በሃልት የሚዞር ሎፕ ይኑር፤ ተሳስቶ ከተመለሰ ቀጥሎ ያለውን ምንነቱ ያልታወቀ ኮድ ይፈጽማል። የከርነል ፕሪንታችሁ ላይ የፎርማት አትሪቢዩት ይግባ፤ 64 ቢት ቁጥር በ32 ቢት ፎርማት ስታትሙ ወዲያው ይነግራችኋል። ሚሞሪ የሚሰጠው ፈንክሽን ላይ ውጤቱን መጣል የሚከለክለውን አድርጉ። ላይክሊና አንላይክሊን (የትኛው መንገድ እንደሚበዛ ለኮምፓይለሩ የሚጠቁሙትን) ግን ሳትለኩ አትርጩ።