የደህንነት ተጠሪ ሆናችሁ ስትመደቡ፦ በየዩኒቨርሲቲው የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደብዳቤው አጭር ነው። «ከመደበኛ ሥራዎ በተጨማሪ የአካባቢ፣ የጤናና የደህንነት ጉዳዮች ተጠሪ ሆነው ተመድበዋል» ይላል። በጀት የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ግልባጭ ግን አለው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ገና ማስተርሱን ጨርሶ ለተመለሰ የኬሚስትሪ መምህር ነው። «አንተ ኬሚካል ታውቃለህ» ይባላል፤ አለቀ።

እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ቅን ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ፖስተር ይለጥፋሉ። ከዚያ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አትብሉ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ የሚለውን ዘልዬዋለሁ። እሱን ፖስተሩ ይናገራል።

ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል «ንብረት ነው» ብሎ ማስቀመጥ

በዚህ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የትኛውንም ነባር ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል መጋዘን ግቡና እዩ። ጥግ ላይ ማንም የማይደርስበት አንድ መደርደሪያ አለ። ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ፣ በማን ፕሮጀክት እንደመጣ የማይታወቅ ካርቶን። ለምን አይወገድም ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው። «በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። በሞዴል 22 ወጪ ካልሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ንብረት ክፍሉ አልተሳሳተም። ኦዲተር ሲመጣ የሚቆጥረው ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ዛሬ ምን ላይ እንደደረሰ አይጠይቅም። ስለዚህ ማንም አይፈርምም፣ ጠርሙሱም ይቆያል። ችግሩ ኬሚካል እንደ ወንበር አለመሆኑ ነው። ወንበር አሥር ዓመት መጋዘን ቢቀመጥ ያው ወንበር ነው። ኬሚካል ግን ሲቆይ ሌላ ነገር ይሆናል።

ዳይኤትል ኤተር ከተከፈተ በኋላ ከአየር ጋር እየተገናኘ ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ይህ ነገር ክዳኑ ላይ ደርቆ ከጋገረ፣ ክዳኑን መጠምዘዝ ብቻ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ፒክሪክ አሲድ ደግሞ በሕክምና ትምህርት ክፍሎች ለክሬቲኒን ምርመራና ለቲሹ ዝግጅት ይገዛል። መቀመጥ ያለበት በውሃ ርሶ ነው። ውሃው ተንኖ ከደረቀ ፈንጂ ነው በሉት። ሁለቱም በየመጋዘኑ ጥግ ይገኛሉ።

አንድ ቦታ ለቆጠራ ገብተን ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ በሥራው የሚኮሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቡናማ ጠርሙስ አወረዱና ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። «አለ፣ አላለቀም፤ ጻፍ» አሉኝ። ጽሑፉን ሳየው ኤተር ነው። ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር እንደ ጨው ጋግሯል። «ጋሼ፣ ቀስ ብለው እዚያው ያስቀምጡት» አልኳቸው። «ምነው፣ ሰባሪ መሰልኩህ?» አሉኝ፤ ተቀይመዋል። ሰውዬው ጥንቁቅ ናቸው፣ የተጠነቀቁት ግን ለቆጠራው ነው። ማንም ሌላ ነገር አልነገራቸውም።

ቤይሩትን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደቡ ላይ የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ስድስት ዓመት ያህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ስለ እሱ ደብዳቤ ተጽፏል፣ ተመላልሷልም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ መጠን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የቢሮው ጠባይ ግን አንድ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ የሚፈርም የለም።

እና ምን ይደረግ? ከዛሬ ጀምሮ የሚከፈት ጠርሙስ ሁሉ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍበት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ቀጥሎ የውስጥ ኦዲተሩን ለምናችሁ መጋዘኑ ውስጥ አስገቡት። ወረቀቱን ከማሳየት መደርደሪያውን ማሳየት ይሻላል። አንዴ ሽታው ከገባው የማስወገጃ ኮሚቴው ውስጥ ከእናንተ በላይ የሚጮኸው እሱ ይሆናል። ደብዳቤያችሁ ላይ ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ን ጥቀሱ። አዋጅ ሲጠቀስ ፋይሉ ይንቀሳቀሳል። ክሪስታል ያለበትን ጠርሙስ ግን ራሳችሁ እንዳትነኩት። ክፍሉን ዝጉ፣ በፈንጂ የሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ።

ሃይላንድ ውስጥ መቅዳት

ምን ያህል ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም። ኬሚካል የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አይቀዳም። «ለዛሬ ብቻ ነው» ይሉኛል። ለዛሬ ብቻ የተቀዳው ሜታኖል ነገ ጠረጴዛው ላይ አለ። መልኩ ውሃ ነው፣ ጠርሙሱም የውሃ ነው። የጠማው ሰው ምን ብሎ ይጠርጥር?

ባዶው የኬሚካል ዕቃም ሌላ መዘዝ አለው። ጥሩ ክዳን ያለው ትልቅ ጀሪካን እዚህ አገር አይጣልም። ጽዳት ሠራተኛዋ ትወስደዋለች ወይም ለቆራሌው ይሸጣል። ከዚያ የሆነ ቤት ዘይት ይያዝበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል። ስለዚህ ባዶውን ሦስቴ አለቅልቁት፣ የመጀመሪያውን እጣቢ ከቆሻሻው ኬሚካል ጋር አጠራቅሙት፣ ጽሑፉን ልጣችሁ አንሱት፣ ከዚያም ብሱት። ካልበሳችሁት ሥራው አላለቀም።

ሁሉንም ሲንክ ውስጥ መድፋት

እዚህ ላይ ትንሽ ልሳቅ። ትልቁን ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚሠራው የአካባቢ ምህንድስና ክፍል ነው።

የወንዝ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ናሙና ያመጣሉ። የተበከለበትን መጠን ለማወቅ ሲኦዲ የሚባለውን ምርመራ ይሠራሉ። ምርመራው ፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ፣ የብር ሰልፌትና የሜርኩሪ ሰልፌት ይፈልጋል። በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይቀቀላል። ውጤቱ ይመዘገባል፣ ተማሪው «ወንዙ ተበክሏል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሜርኩሪና ክሮሚየም ያለበትን ቱቦ ሲንክ ላይ ይደፋና በውሃ ያጥበዋል። ሲንኩ የሚሄደው ወዴት ነው? አንዳንድ ግቢ ውስጥ ናሙናው ወደተቀዳበት ወንዝ ነው።

መፍትሔው አንድ ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃና «የሲኦዲ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሌላ ነገር አይቀላቀልበትም። በተለይ ናይትሪክ አሲድን እንደ አልኮልና አሴቶን ካሉ ፈሳሾች ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ክዳን መግጠም ማለት ሌሊት የሚፈነዳ ነገር አዘጋጅቶ ቤት መሄድ ማለት ነው። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ቢፈነዳ ዕድለኞች ናችሁ።

«የኤጀንሲ ሠራተኞች ናቸው»

ሥልጠና ሲዘጋጅ መምህራን ይጠራሉ፣ ቴክኒሻኖች ይጠራሉ፣ አበልና ሻይ ይቀርባል። ጽዳቶቹ ግን ሻዩን ያቀርባሉ እንጂ ቁጭ ብለው አይሰሙም። ለምን ሲባል «ከኤጀንሲ ናቸው፣ እኛን አይመለከቱም» ይባላል። የኬሚካሉ ትነት ግን ጽዳት ሠራተኛዋን «ማን ቀጥሮሽ ነው?» ብሎ አይጠይቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና ስለ አደጋው ማሳወቅን የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል። ከኤጀንሲው ጋር ስትዋዋሉ ይህን በግልጽ ጻፉት። የላብራቶሪያችሁን አደጋ ደግሞ ኤጀንሲው አያውቀውም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ የምትነግሯትም እናንተ።

ሥልጠናው ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ነገር ብቻ የምነግራቸው ዕድል ባገኝ ይህን ነው የምለው፦ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀው ያው ጋዝ ነው። መስኮት በሌለው የዶርም ሽንት ቤት ውስጥ «ጠንከር ይበል» ብላ ሁለቱን የደባለቀች ሴት እያሳላት ስትወጣ አይቻለሁ። አሠሪዋ «ጉንፋን ነው» አላት።

መፈተሽ፣ መጻፍ፣ መርሳት

ቼክሊስት ሞልቶ ፋይል ማድረግ ደህንነት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ይህ የሚገባችሁ እውቅና ሰጪው አካል ከመጣና ከሄደ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ዩሲኤልኤ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ወጣት ረዳት ተመራማሪ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ እየቀዳች ነበር። የሲሪንጁ መግፊያ ከቦታው ወጣ። ጋዋን አልለበሰችም፤ የለበሰችው ሲንቴቲክ ሹራብ ተቀጣጠለ። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። ፕሮፌሰሩም በወንጀል ተከሰሰ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ከአደጋው በፊት የሆነው ነው። ከሁለት ወር በፊት የዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪዎች እዚያው ላብራቶሪ ገብተው ሠራተኞች ጋዋን እንደማይለብሱ ጽፈው ነበር። ጉድለቱ ታውቋል፣ ተመዝግቧል፣ አልተስተካከለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ግኝት አጠገብ የአንድ ሰው ስም ይኑር። «ትምህርት ክፍሉ» ሰው አይደለም፣ «የሚመለከተው አካል» ጭራሽ የለም። ቀን ይኑረው። ቀኑ ሲደርስ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ጓንት ሁሉ አንድ ነው ማለት

አይደለም። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በ1996 የላቴክስ ጓንቷ ላይ ዳይሜቲል ሜርኩሪ የሚባል እጅግ መርዛማ ኬሚካል ጥቂት ጠብታ ነካት። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። ኬሚካሉ ጓንቱን በሴኮንዶች ውስጥ እንደሚያልፈው የታወቀው ከዚያ በኋላ በተደረገ ሙከራ ነው። እኛ ጋ ይህ ኬሚካል አይገኝ ይሆናል፤ አሴቶን ግን በየላብራቶሪው አለ። ስሱን የናይትራይል ጓንት በደቂቃዎች ያልፈዋል።

ፊውም ሁዱን ቁምሳጥን ማድረግ

ፊውም ሁድ የኬሚካል ትነትን በማራገቢያ ስቦ የሚያስወጣ፣ ፊቱ ላይ ወደ ታች የሚወርድ መስታወት ያለው የላብራቶሪ ሳጥን ነው። ውስጡ የተደረደረ ጠርሙስ አየሩን ይዘጋዋል። ማራገቢያው መጮኹ ብቻ መሥራቱን አያሳይም። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ መስታወቱ ጫፍ ላይ ያዙ፤ ወደ ውስጥ ካልተሳበ ትነቱ እናንተ ላይ ነው። ሌላው መብራት ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ አምፖሉ ይበራል፣ ሁዱ ግን በሌላ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሻኑን አንድ ቀን አስጠርታችሁ ይህን አረጋግጡ። መብራት ሲሄድ መስታወቱ ወርዶ ሁሉም ይወጣል፤ «አሁን ይመጣል» ብሎ ቆሞ መጠበቅ የለም።

የሰበረውን ማስከፈል

ይሄኛው ከደህንነት ክፍል ውጭ የሚሠራ ስህተት ነው፤ መዘዙ ግን እኛ ጋ ይመጣል። ተማሪው ቴርሞሜትር ከሰበረ ስሙ ይያዛል፣ ክሊራንስ ሲፈልግ ይከፍላል። ስለዚህ ሲሰብር ምን ያደርጋል? ስብርባሪውን ወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል፣ ሜርኩሪውን በጫማው እየገፋ ቁምሳጥን ሥር ያስገባዋል። ሜርኩሪ ደግሞ በክፍል ሙቀት ይተናል። ቀጣዩ ክፍል እየገባ፣ እየወጣ ይተነፍሰዋል።

አንድ የድሮ ላብራቶሪ ሲታደስ የእንጨቱ ወለል ተነሣ። ስንጥቁ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ኳሶች ተደርድረዋል። ሠራተኞቹ በእጃቸው እየለቀሙ ይጫወቱ ነበር።

ሜርኩሪውን ቴርሞሜትር በአልኮል ቀይሩት። ክፍያውንም አንሱ። የተሰበረ ዕቃና የፈሰሰ ኬሚካል ሪፖርት ያደረገ ሰው የማይቀጣ መሆኑን የዲኑ ፊርማ ያለበት ማስታወቂያ ይናገር። መጀመሪያ ላይ የአደጋው ቁጥር የጨመረ ይመስላችኋል። አትደንግጡ፣ ድሮም ነበር።

እሳት፣ በአጭሩ

የማጥፊያ ሲሊንደር በተቆለፈ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም። ሌባ ይገባል ተብሎ የአደጋ ጊዜ በር በሰንሰለት አይታሰርም። ዶርም ውስጥ ስቶቭና የውሃ ማፍያ ሽቦ መከልከል ብቻውን አይሠራም። ተማሪው ውሃ የሚያፈላበት ሕጋዊ ቦታ ስጡት፤ ያኔ ቁጥጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።

ስልክ ቁጥር ሁሉም ይለጥፋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አያስብም። መኪናው ዋናው በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው «ከማን ጋር ቀጠሮ አላችሁ?» ይላል። ማን እንደደወለ አያውቅም። ብሎክ 14 የትኛው እንደሆነም ላያውቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከተቀባ ቆይቷል። ሂዱና ዛሬ ጠይቁት። የኬሚስትሪ ሕንፃ በየት በኩል ነው? ከባድ መኪና በየትኛው በር ይገባል? የዚያ በር ቁልፍ ማን ጋ ነው? መልሱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማታም ተመለሱና ለማታው ተረኛ ድገሙለት፤ ያ ሰው ሌላ ነው።