የፓርቲን ማኒፌስቶ እንዴት እናንብብ? ከቀበሌ ቤት እንጀምር

ምርጫ ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ አንድ ፓርቲ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የማን ናቸው?» የሚል ነው። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠውም፣ ፒያሳ ታክሲ የሚጠብቀውም ይህንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብዙዎቹ ፓርቲዎቻችን በብሔር የተደራጁ ናቸው፤ ሰውም ያየውን አይቷል። ግን እዚህ ላይ ብቻ ከቆማችሁ፣ ፓርቲው ሥልጣን ቢይዝ ቤታችሁን፣ ደሞዛችሁንና የልጃችሁን ትምህርት ቤት ምን እንደሚያደርገው ሳታውቁ ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ከኑሯችሁ አንድ ነገር ምረጡ። አንድ ብቻ። ከዚያ እያንዳንዱን ፓርቲ በእሱ በኩል አንብቡት። መሀል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ከቤት የሚቀርብ ነገር የለም፤ ስለዚህ በቤት ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቶቹን ለዩ። ፓርቲ ሦስት ሰነድ አለው፣ እኛ ግን አንድ ላይ እንቀላቅላቸዋለን። ፕሮግራሙ ፓርቲው የሚያምንበትን ይነግራችኋል፤ ርዕዮተ ዓለሙ ያለው እዚያ ነው። ማኒፌስቶው ለዚህ ምርጫ የገባውን ቃል ይይዛል። መተዳደሪያ ደንቡ ደግሞ በፓርቲው ውስጥ ማን እንደሚወስን ይናገራል። በቅስቀሳ ጊዜ እጃችሁ የሚገባው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ፎቶ፣ የምርጫ ምልክትና ሁለት መስመር መፈክር ነው። ሙሉውን ሰነድ ጠይቁ፤ በስልካችሁ ይላኩላችሁ። ለመላክ የሚያቅማማ ፓርቲ ካለ፣ እሱም ራሱ አንድ መልስ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። የቀበሌ ቤት እንዴት የቀበሌ ቤት እንደሆነ ብዙ ወጣት አያውቅም። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተደረገ። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ ያደገ ሰው ይህን አዋጅ በቁጥሩ ባያውቀውም ኖሮበታል። አንድ ርዕዮተ ዓለም ሶሻሊዝም ተብሎ መጽሐፍ ውስጥ ቢቀመጥ ማንንም አይነካም። እዚህ ግን የአንዱን ንብረት ወስዶ ለሌላው ጣሪያ ሰጠ። ለአንዱ ግፍ፣ ለሌላው ፍትሕ ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ።

ደርግ ወደቀ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ እንዳደረገ ቀጠለ። ከተማ ውስጥ በሊዝ ትይዛላችሁ እንጂ መሬቱን አትሸጡም። አያችሁ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ባንዲራው ላይ ዓርማ ተጨመረ፣ የመሬት ጥያቄ ላይ ግን አዲሱ ከአሮጌው ብዙም አልራቀም። ስለዚህ በፓርቲ ስም ውስጥ «ዴሞክራሲያዊ» ወይም «ሕዝባዊ» የሚል ቃል ስላያችሁ ምንም አላወቃችሁም።

ማኒፌስቶውን ስትከፍቱ ቤት የሚለውን ፈልጉና አራት ጥያቄ አቅርቡለት። ባለቤቱ ማን ይሆናል? የሚወስነው ማን ነው? የሚከፍለውስ? ካልተስማማሁ አቤት የምለው የት ነው?

የቀበሌ ቤት ነዋሪን በሚመለከት የተለያየ እምነት ያላቸው ፓርቲዎች በጣም የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ርዕዮተ ዓለም ማለትም ይኸው ነው። ሊበራል የሆነው «ካርታ ስጡት፣ ይሽጥ ይለውጥ፣ ቤት የሚሠራውን ባለሀብት ደግሞ አታስጨንቁት» ይላል። የኪራይ ዋጋን ገበያው ይወስነው፤ ብዙ ቤት ከተሠራ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ያምናል። ሶሻል ዴሞክራቱ ገበያውን አይጠላም፤ ግን ካለው ሰው ጠንከር ያለ ግብር ሰብስቦ ለሌለው ቤት መሥራትና ተከራዩን በሕግ መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው ይላል። ሶሻሊስቱ ቤቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ይላል። ልማታዊ መንግሥት የሚለው ወገን መንግሥት መሬቱን ይዞ እድገቱን ራሱ ይምራ ባይ ነው፤ የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየሞች በዚህ አስተሳሰብ ዘመን የመጡ ናቸው። ወግ አጥባቂው ደግሞ ለነባሩ ሥርዓት፣ ለቤተሰብና ለሃይማኖት ይቆማል፤ ለውጡ ቀስ ይበል፣ ሰፈርና ጉርብትና አይበተን ሊል ይችላል። ግራና ቀኝ የሚባለው አከፋፈል በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከፈረንሳይ ጉባኤ የመጣ ነው፤ ለንጉሡ ያደሉት በቀኝ፣ ሥልጣኑ ይገደብ ያሉት በግራ ስለተቀመጡ። ጠቃሚ ነው፤ ለእኛ ግን ብቻውን አይበቃም።

የማይበቃው ሁለተኛ መስመር ስላለን ነው። «የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የፖለቲካው መነሻ ግለሰቡ ዜጋ ነው የሚሉ ፓርቲዎች አሉ፤ የብሔሩ የጋራ መብት ይቅደም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ጋ ግብርንና ገበያን በተመለከተ ግራም ቀኝም ታገኛላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን እንድታስተዳድር ይላል፤ ተጠሪነቷን ለፌዴራል መንግሥት ያደርጋል፤ የኦሮሚያንም ልዩ ጥቅም ይጠቅሳል። አንድ አንቀጽ፣ ሦስት ነገር። እንግዲህ ስለ አዲስ አበባ የሚናገር ማንኛውም ፓርቲ ሦስቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያስታርቅ በግልጽ ሊጽፍ ይገባል። ይህን ሳይነካ ስለ ከተማዋ ውበት ብቻ የሚያወራ ማኒፌስቶ ዋናውን ነገር ዘሎታል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግንፍሌ አካባቢ፣ የቀበሌ ቤት በር ላይ ጎመን የሚቀነጥሱ አንዲት እናት ጋ ሁለት ቀስቃሽ ወጣቶች መጡ። ትሑቶች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ነው ሰላም ያሉት።

«እማማ፣ ለሰላምና ለልማት እኛን ይምረጡ።»

«እሺ ልጆቼ። ይሄን ቤት ምን ልታደርጉት ነው?»

«የቤት ችግር ይፈታል፣ እማማ።»

«እኮ እንዴት? ለኔ ትሸጡልኛላችሁ? ታፈርሱታላችሁ? ወይስ እንዲሁ ልቀመጥ? ካፈረሳችሁትስ ምትኩ የት ነው?»

አንደኛው ወረቀቱን ገለጠው። ቤት የሚለው አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ «የነዋሪውን የመኖሪያ ቤት ችግር ደረጃ በደረጃ እንቀርፋለን።» ጮክ ብሎ አነበበላቸውና ራሱም ዝም አለ። ልጁ አልዋሸም፤ የሚመልሰው ነገር አልተሰጠውም። እሳቸው ግን በጥቂት ጥያቄ የፓርቲውን ፖሊሲ መርምረው ጨረሱ። ለነገሩ ጥያቄያቸው የቅንጦት አልነበረም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያየ ሰው ሁሉ «ምትኩ የት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

የእሳቸውን መንገድ ያዙ። እስክሪብቶ አንሡና «ትኩረት እንሰጣለን»፣ «እናጠናክራለን»፣ «ደረጃ በደረጃ» የሚሉትን በሙሉ ሰርዙ። ከተሰረዘው በኋላ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በማን ገንዘብ የሚል ነገር ከተረፈ እሱ ነው ፖሊሲው። ምንም ካልተረፈ ወደሚቀጥለው ፓርቲ እለፉ።

መፈተኛም አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መሠረት እንዲሆን ይላል። ዕጩ ስታገኙ «ይህን አዋጅ ታስቀጥሉታላችሁ ወይስ ትሽሩታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተከራይም አከራይም ሁኑ ጥያቄው አንድ ነው። ያለ ማምታታት የሚመልስ ሰው፣ መልሱ ባይጥማችሁም፣ ምን እንደሚያምን ያውቃል ማለት ነው። ለተከራይ «አስቀጥላለሁ»፣ ለአከራይ «እሽራለሁ» የሚል ከሆነ ግን ሁለታችሁንም ነው የሚያታልለው።

ወደሚከብደው ልሂድ። ምን ያምናሉ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን እንዴት ይይዛሉ፣ እንዴትስ ይለቃሉ የሚለውን ጠይቁ። በደርግ ዘመን የተፋለሙት ሁለት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነበሩ። ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ብሎ ከወጣው የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ተመሳሳይ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንዳንዶቹም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የተለያዩት በመንገዱ ላይ ነው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ፣ ማለትም እየተቹ መደገፍን፣ ሰጠ። ልዩነቱን በድምፅ የሚፈታ ሥርዓት አልነበረም። ውጤቱን መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች እዩት፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ፓርቲው ቢሸነፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ተቀናቃኙን ተፎካካሪ ወይስ ጠላት ብሎ እንደሚጠራ፣ ፍርድ ቤትንና ምርጫ ቦርድን በምን ቃል እንደሚያነሳ ልብ በሉ። የቤት ፖሊሲው ቢያምርም ይህ ከጎደለ እኔ ድምፄን አልሰጠውም።

የውስጥ አሠራሩን በአጭሩ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ክልላዊ ለመሆን 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። ቁጥሩን ማሟላት አንድ ነገር ነው። እናንተ ግን እድራችሁን የምትጠይቁትን ያህል ጠይቁት፦ መሪው መቼ ተመረጠ? ስንት ዘመን ይቆያል? ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ቅሬታ ያለው አባል ይደመጣል ወይስ ይባረራል? አባላቱን የማያስተናግድ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ እናንተን ሊያስተናግድ አይችልም።

ድምፁ እንዴት ወንበር እንደሚሆን ሳታውቁ ደግሞ ስሌታችሁ ይዛነፋል። እኛ ጋ ከዕጩዎች አብላጫ ያገኘው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም። አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ አንዱ 34፣ ሁለተኛው 33፣ ሦስተኛው 33 ከመቶ ቢያገኙ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ የሚወስደው የመጀመሪያው ነው፤ 66ቱ ከመቶ ወንበር የለውም። በዚሁ ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሌበር ፓርቲ በ34 ከመቶ ገደማ ድምፅ ከ650ው መቀመጫ ከ400 በላይ ወሰደ። እኛም አይተነዋል። በ1997 ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት የአዲስ አበባን 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ጠቀለለ። በ2002 ደግሞ ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ከአንዷ በቀር ሁሉንም ወሰደ። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ሆኗል፤ እስሩም፣ የፓርቲዎቹ መሰነጣጠቅም። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ሰላም ቢሆን እንኳ ይህ ደንብ ትንሽ የድምፅ ልዩነትን ትልቅ የወንበር ልዩነት ማድረግ ይችላል። የሚቀራረብ ሐሳብ ያላቸው ፓርቲዎች ተበታትነው ሲገቡ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ለዚህ ነው ጥምረትና ውህደት በየምርጫው ዋዜማ የሚወራው። ጥምረት ስትሰሙ ታዲያ የየትኛው ፓርቲ የቤት ፖሊሲ እንደቀረ፣ የየትኛው እንደተጣለ ጠይቁ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን እናንተ በቀጥታ አትመርጡትም። ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል፤ መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። በመሆኑም ቴሌቪዥን ላይ ያለውን መሪ ብቻ አይታችሁ የአካባቢያችሁን ዕጩ ሳታውቁ አትግቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። የቀበሌ ቤት፣ የሊዝና የምትክ ቦታ ጉዳይ ብዙው የሚያልቀው ከተማው ጋ ስለሆነ ሁለተኛውን ወረቀት እንደ ትርፍ አትዩት። ለሁለቱ የተለያየ ፓርቲ መምረጥም መብታችሁ ነው።

ያነበባችሁትን የሰረዛችሁበትን ማኒፌስቶ ደግሞ አትጣሉት። ቀኑንና የዕጩውን ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። የተመረጠው ሰው አምስት ዓመት ይቀመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተመራጩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ነው ይላል፤ መራጩ አመኔታ ካጣበትም በሕግ መሠረት ከምክር ቤት እንደሚወገድ ይደነግጋል። ከመራጮቹ ጋር የሚገናኝበትን ቀን ወረዳችሁን ጠይቁና ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጎረቤት ሁለት ሦስት ሰው ጨምራችሁ።