ሞል ኩንታል አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የኬሚስትሪ መምህር ሲያስተምር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳዳምጥ ነበር። «ሞል ማለት እንደ ኩንታል ያለ መለኪያ ነው» አለ። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ሳስተምር እኔም ይችኑ ብያታለሁና።

የጎጃም ልጅ ኩንታል ያውቃል፤ ምሳሌው የሚጥመውም ለዚህ ነው። ግን ኩንታል ክብደት ነው፣ ሞል የአተም ወይም የሞለኪውል መቁጠሪያ ቁጥር። አንድ ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ሽምብራ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ የፍሬያቸው ብዛት ግን አይገናኝም። ሞል የዚህ ግልባጭ ነው፤ ብዛቱ እኩል፣ ክብደቱ የተለያየ። ያኔ ፈተና ላይ «አንድ ሞል ብረትና አንድ ሞል ውሃ፣ የትኛው ይከብዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኛው ክፍል «እኩል ናቸው» ብሎ ጻፈ። ብስጭት ብዬ ስጠይቅ አንዷ «ቲቸር፣ እንደ ኩንታል ነው ብለውን የለ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ብረቱ 56 ግራም ነው፣ ውሃው 18።

ይልቅ ጥማድ በሏቸው። የሰባም ይሁን የከሳ፣ ጥማድ በሬ ሁለት ነው። ደርዘን እንቁላልም ደርዘን ደብተርም 12 ነው። ሞልም እንዲሁ የቁጥር ስም ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የገዘፈው፦ 6.022 × 10²³። ከዚያ ሚስማር ይዛችሁ ግቡ። ባለሱቁ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? የ10 ሚስማር ክብደት ከታወቀ ግን ኪሎው ውስጥ ስንት እንዳለ ይታወቃል። ኬሚስቱም አተም ለቅሞ መቁጠር ስለማይችል ይመዝናል። ይህ የገባው ልጅ ቀመሩን (የሞል ብዛት = ክብደት ÷ የአንድ ሞል ክብደት) ራሱ ያወጣዋል።

ቀመሩን በመጀመሪያው ቀን አትጻፉ። ቀመሩ የሚሸመደድባትን ያቺን ሦስት ማዕዘን ሥሎ አንዱን ጥግ በጣት መሸፈን ማርክ ያስገኝ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም።

«አንድ ሞል ኦክስጅን» ብላችሁም ዝም አትበሉ። አተሙ ከሆነ 16 ግራም፣ የምንተነፍሰው ሞለኪውል ከሆነ 32 ግራም ነው።

ባላንስ የተደረገ ኢኩዌሽን ላይ ያለውን ቁጥር ግራም ብለው የሚያነቡም አሉ። ውሃ ሲሠራ 2 ሃይድሮጅን ከ1 ኦክስጅን ጋር ሲባል ሞሉ ነው፤ በግራም 4 ከ32 ጋር ተዋህዶ 36 ግራም ውሃ ይሰጣል።

አንድ ሞል ጋዝ የሚይዘውን ቦታ፣ 22.4 ሊትርን፣ ውሃ ላይ ያሠራ ተማሪ አይቻለሁ። አንድ ሞል ውሃ 18 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአንድ ጉንጭ ያልቃል። 22.4 ለጋዝ ብቻ ነው፤ ያውም በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር። አንድ ነገረኛ ተማሪ «እዚህ እኛ ክፍል ውስጥስ?» ብሎ ያዘኝ። ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ክፍሉም 0 ዲግሪ አይደለም። ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለን አሰላነው። 30 ሊትር አለፈ።